ስኳሩን ለክቼ የሸኘኋቸው ሰው

ልጆቼ፣ በተለይ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሐረርና ድሬ ዳዋ ዙሪያ ጤና ጣቢያ የምትመደቡት፣ ይህን የምጽፍላችሁ 31 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ምክር አትወዱም፣ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ አልወድም ነበር። ስለዚህ ከጥፋቴ ልጀምር።

ከፈዲስ በኩል የሚመጡ አንድ ገበሬ ነበሩ። ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። በሦስት ተከታታይ ቀጠሮ ስኳራቸው ጣሪያ ነክቶ መጣ። በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀና ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ ጮህኩባቸው። «መድኃኒቱን የምንሰጥህ ልትጥለው ነው?» አዎ፣ «አንተ» ብዬ፣ አባቴ የሚሆኑትን ሰው። ዘበኛው ወደ ኦሮምኛ ተረጎመልኝ፤ እሳቸው መሬት መሬት እያዩ «እሺ» ብቻ አሉ። ካርዱ ላይ «መድኃኒት በአግባቡ አይወስድም» ብዬ ጻፍኩና ቀጣዩን ጠራሁ።

ከወራት በኋላ ልጃቸው መጣች። ያልተከፈቱ የኢንሱሊን ብልቃጦች በፌስታል ይዛ፣ «ለሌላ ሰው ይሁን» ብላ። አባቷ አርፈዋል። ለእግራቸው ቁስል ሕክምና አንዱ በሬ ተሽጦ ኖሯል፤ ሁለተኛው ሊሸጥ ሲሆን «ለልጆቼ ይቅርላቸው» ብለው መወጋቱን ተዉት። ከቤት ሰው ጋር መብላት ካቆሙ ቆይተዋል፣ ሌሊት አይተኙም፣ ቀን ከጎጆው ጀርባ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። እኔ ስንፍና ያልኩት ድባቴ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም።

ስኳር ያለበት ሰው በድባቴ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው እጥፍ ያህል እንደሆነ ተምራችኋል፣ ምናልባት ፈተና ላይም መጥቶላችኋል። ግን ድባቴ ከገጠር በስሙ አይመጣም። «ጭንቅላቴን ይከብደኛል»፣ «ልቤን ያቃጥለኛል»፣ «ሰውነቴ ሁሉ ዛለ» እያለ ነው የሚመጣው። በኦሮምኛ «ያዶ» የምትል ቃል ከሰማችሁ፣ ሐሳብና ጭንቀት ማለት ናትና፣ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ጨጓራ ነው ብላችሁ ኦሜፕራዞል ጽፋችሁ አትገላገሉ። በእርግጥ ድካም ሁሉ ድባቴ አይደለም፣ ደም ማነስም የእንቅርት ችግርም እንደዚያው ያዝላል፣ አስመርምሩ።

ሌላው የእኛ አገር ጉድ ጫት ነው። «እንቅልፍ የለኝም» ያለውን ሁሉ «ጫቱን ቀንስ» ብሎ መሸኘት ይቀላል። ቅዠት ካለበት ደግሞ «ዱካክ ነው» ይባልና ይሳቃል። ኤፋቪረንዝ የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት በሰፊው ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሲቃዥ የሚያድር የኤችአይቪ ታካሚ ነበረኝ። ቤተሰቡም እኔም ዱካክ አልነው። መድኃኒቱ ራሱ ቅዠትና ድብርት እንደሚያመጣ ተጽፎ ተቀምጧል፣ እኔ ዱካክ እላለሁ! አቦ፣ ያሳፍራል። መድኃኒቱ ሲቀየርለት እንቅልፉ ተመለሰ።

ድባቴን ለመለየት ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚጠይቀውን ባለ 9 ጥያቄ ቅጽ ታውቁታላችሁ። ጥሩ ነው፣ ግን እንደ ሕዝብ ቆጠራ አታንብቡት። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ የታማሚው ልጅ አይሁን፤ የትኛው አባት ነው ልጁ ፊት መኖር ሰልችቶኛል የሚለው? ስለ መሞት ደግሞ በግልጽ ጠይቁ። ጥያቄው ሐሳቡን ያስገባበታል የሚባለው ስህተት ነው፣ ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው ይቀላቸዋል። ጸበል ሄዱ፣ ሼኽ ጋ ሄዱ፣ ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) ተደረገላቸው ሲባል ፊታችሁን አታጨማዱ። ቁልቢም ይሂዱ፣ እንክብሉን ኪሳቸው ይዘው ይሂዱ።

ድሮ ይህን ሁሉ አውቀን ቢሆን እንኳ ወዴት እንልክ ነበር? የአእምሮ ሆስፒታሉ አማኑኤል አዲስ አበባ ነው፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፤ በሬውን ለእግሩ የሸጠ ሰው በምን ይሄዳል። ዛሬ ሐረርም ድሬም የአእምሮ ሕክምና አለ። ብዙውንም እናንተው ጤና ጣቢያ ላይ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። የድባቴ መድኃኒቱን ፍሉኦክሰቲንን ካስጀመራችሁ ግን ለውጡ ለመታየት ሳምንታት እንደሚፈጅ በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፣ ካልነገራችኋቸው በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው ይጥሉታል። ሐሳባቸው ወደ መሞት የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ብቻቸውን አትሸኙ፣ የሚያምኑትን ሰው አስጠሩና በዚያው ቀን ላኩ።

እኔ ዘግይቼ የተማርኳት አንዲት የኦሮምኛ ጥያቄ አለችኝ፤ «ሂሪብኒ አከም?» እንቅልፍ እንዴት ነው እንደማለት። ጡረታ ልወጣ አካባቢ ለደም ግፊት ክትትል ከባቢሌ በኩል የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ዓመት ሙሉ ግፊታቸውን ለክቼ፣ መድኃኒት ሞልቼ ሸኝቻቸዋለሁ። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ሊሄዱ ተነሥተው ነበር። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ጃንጥላቸውን መሬት አስቀመጡና ተመልሰው ተቀመጡ። አርባ ደቂቃ አወሩ፣ ውጭ ያሉት በሩን ሲደበድቡብኝ ነበር።