«ወንድሜ ወደ ሥራው ይመለስ ይሆን?»

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ወንድሜ ፍኖተ ሰላም ባለ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ከዘጠኝ ወር በፊት ከሞተር ሳይክል ወድቆ ጭንቅላቱ ተጎዳ። አሁን ይራመዳል፣ ያወራል። ሥራ ሲገባ ግን ቶሎ ይደክመዋል፣ የታዘዘውን ይረሳል፣ በትንሹ ይቆጣል። ሁለት ጊዜም አንቀጥቅጦ ጥሎታል። የተሰጠው መድኃኒት እንቅልፍ ስላበዛበት አስቁመነዋል። አእምሮውን የሚያነቃ ቫይታሚን ይኖር ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ቫይታሚን ነው፤ የፈሩት ግን ወንድምዎ የሰው እጅ እያየ እንዳይቀር ነው። እንደዚያ ሆኖ አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ድካሙ ስንፍና አይደለም። ድሮ ሳያስብ ይሠራው የነበረውን አሁን እያሰበ ስለሚሠራው ይዝላል፤ የመጋዙ ጩኸት ደግሞ ያብስበታል። ዘጠኝ ወር ገና ነው፤ ከዓመት በኋላም የሚሻለው ብዙ ነው። ለዚህ የሚሆን ቫይታሚን ግን የለም።

መድኃኒቱን ማስቆማችሁ አሳዝኖኛል። እንቅልፍ ካበዛበት ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክላል ወይም ዓይነቱን ይቀይራል። በድንገት ማቆም ራሱ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ጠበሉን ይጠመቅ፤ መድኃኒቱንም ይዋጥ። በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪሙ ውሰዱት።

ሲጥለው ምን እንዳደረጋችሁ አልጻፉልኝም፤ ክብሪት መሆኑን ግን እገምታለሁ። በየገበያው አይቻለሁ፦ አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸትታል፣ ሌላው እጁን ይጫናል፣ ሦስተኛው ማንኪያ በጥርሱ መሀል ይከታል። የክብሪት ጭስ ማንንም አያነቃም። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ደቂቃ በራሱ ያበቃል፤ ክብሪቱ በዚያው ሰዓት ስለሚጫር ምስጋናውን ይወስዳል። ጭሱ ትንፋሽ ያውካል፤ ከንፈሩ የተቃጠለ ልጅ አክሜያለሁ። ማንኪያውም ጥርስ ይሰብራል። በጎኑ አስተኙት፣ ጋቢ አጥፋችሁ ከራሱ ሥር አድርጉ፣ ስለትና እሳት አርቁ፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ከደገመው ቀጥታ ሆስፒታል።

ወደ ሥራው ልምጣ። መጋዝ ማሽንና መሰላል ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቅሩበት። እንጨት ቤት ግን ሌላም ሥራ አለ፦ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ልኬት መመዝገብ፣ ዕቃ ቆጥሮ ማስረከብ። በቀን ሁለት ሰዓት ይጀምር፣ በየሳምንቱ እየታየ ይጨመር። አንድ የሚያምነው ባልደረባ ከጎኑ ሆኖ ሥራውን አንድ በአንድ ያሳየው፤ ሲችል ቀስ ብሎ ይራቅ። የሙያ ማገገሚያ ባለሙያዎች የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። አንድ ታካሚዬ በር ሲገጥም «ማጠፊያ፣ እጀታ፣ ቁልፍ» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ አንዱን በጨረሰ ቁጥር በእርሳስ ይሰርዛል። ረስቶ መቆጣቱ በዚያ ቀነሰለት።

የእንጨት ቤቱ ባለቤት ካቅማማ አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ንገሩት፤ የሥራ ቦታው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ እንዲመች ማድረግ የአሠሪ ግዴታ ነው። እንጨት ሥራው ጨርሶ ካልሆነለት አጫጭር ሥልጠና የሚሰጥ ቴክኒክና ሙያ ተቋም ሄዳችሁ ጠይቁ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ወንድምዎ ራሱ ምን መሥራት እንደሚፈልግ አንድ ቃል የለበትም። ዛሬ ማታ ጠይቁትና የሚላችሁን ጻፉልኝ።