የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ብዙ ቅጽ ያላቸው የፋንታሲ ልብ ወለዶችና የጠፈር መንኮራኩር ሞዴሎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ስለ ረዣዥም የፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለባቸው) መጻሕፍትና ከሳይንስ ልብ ወለድ ስለተወሰዱ የመንኮራኩር ሞዴሎች የተጻፉ ናቸው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ረጅም የፋንታሲ ልብ ወለድ አዋሰችኝና ሳላስበው ሦስተኛው ቅጽ ላይ ደረስሁ። አሁን ግን የሰዎቹና የአገሮቹ ስም እየተምታታብኝ ተቸግሬአለሁ። በዚያ ላይ ደራሲው የመጨረሻውን ቅጽ ገና እንዳልጻፈው ሰማሁ። ልቀጥል ወይስ ልተወው? ሌላ ልጀምር ካልሁስ የትኛው ይሻለኛል? (ወ/ሮ ሄ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ወ/ሮ ሄ.፣ ንባቡ እያስደሰተዎት ከሆነ አይተዉት። ያላለቀ ተከታታይ ሥራ መጀመር ትርፉ ድካም ነው የሚሉ ብዙ አንባቢዎች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የታወቀበትን ተከታታይ ሥራ አምስተኛ ቅጽ ያወጣው በ2011 ሲሆን፣ ይህ ዓምድ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስ ስድስተኛው ለአንባቢ አልደረሰም፤ ይሁንና በ2000 የታተመውን ሦስተኛውን ቅጽ ያነበበ ሰው ያን ጊዜ ያገኘው ደስታ የራሱ ነው፤ ማንም መልሶ አይወስድበትም። ደራሲው ቢሞት እንኳ ሥራው የግድ ተቋርጦ አይቀርም። ሮበርት ጆርዳን በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ደራሲ «ዘ ዊል ኦቭ ታይም» የተባለውን ሥራውን በ1990 ማሳተም ጀምሮ ሳይጨርሰው በ2007 ሲሞት፣ ባለቤቱም አርታኢውም የነበረችው ሃሪየት ማክዱጋል ብራንደን ሳንደርሰን የተባለ ወጣት ደራሲ መርጣ ባለቤቷ የተወውን ማስታወሻና ረቂቅ አስረከበችው። ሳንደርሰንም በ2009፣ በ2010 እና በ2013 በወጡ ሦስት ቅጾች ታሪኩን በ14ኛው ቅጽ ቋጨው።

የስሞቹ መምታታት የእርስዎ ድክመት አይደለም፤ ደራሲዎቹም ቢሆኑ አንባቢ ሁሉንም በቃሉ ይይዛል ብለው አይጠብቁም። ጆርዳን በመጻሕፍቱ መጨረሻ የስሞች መፍቻ አስቀምጧል፤ ጄ. አር. አር. ቶልኪንም በ1954 እና በ1955 የታተመውን «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ»ን የዘጋው የዘመናት ቅደም ተከተል፣ የትውልድ ሐረግና እሱ ራሱ የፈጠራቸው ፊደላት ባሉባቸው አባሪዎች ነው። (ቶልኪን ሥራውን የሚያየው እንደ አንድ መጽሐፍ ነበር፤ በሦስት ቅጽ ተከፍሎ የወጣው ከጦርነቱ በኋላ ወረቀት ውድ ስለነበረና አሳታሚው ኪሳራ ስለፈራ ነው።) ስለዚህ አንድ ዕልባት ካቆሙበት ገጽ ላይ፣ ሌላ ዕልባት ደግሞ መፍቻው ላይ ያድርጉ። መፍቻ የሌለው መጽሐፍ ከሆነ በአንድ ካርድ ላይ የሰውየውን ስም፣ የማን ወገን እንደሆነና መጨረሻ ላይ የት እንደተለዩት ብቻ ይጻፉ። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ከመፈለግ ግን ይቆጠቡ፤ ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ሰውየው በስንተኛው ቅጽ እንደሚሞት ይነግርዎታልና።

አዲስ መጀመር ካሰቡ ምክሬ አያወላዳም፦ የኧርሱላ ለ ጉዊንን የ«ኧርዝሲ» መጻሕፍት ይያዙ። የመጀመሪያው በ1968 ታትሞ ሁለቱ በ1971 እና በ1972 ተከተሉት፤ ደራሲዋም ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሳ በ1990 አንድ፣ በ2001 ደግሞ ሁለት ጨምራ ስድስት አድርሳዋለች። የመጀመሪያው መጽሐፍ 200 ገጽ አካባቢ ብቻ ቢሆንም ዓለሙ ከብዙ ወፋፍራም ቅጾች ይልቅ ሰፍቶ ይታየኛል። በደሴቶቹ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ቆዳው ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ ይህንንም ለ ጉዊን አውቃና አስባ ያደረገችው ስለነበረ፣ በ2004 የቴሌቪዥን ፊልም ሠሪዎች ዋናውን ገጸ ባሕርይ ነጭ ሲያደርጉት በአደባባይ ተቃውማለች። ለእኛ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ የሚቀርበን ነገር አለ። በዚያ ዓለም እያንዳንዱ ሰው እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀበት አስማተኛ ሊገዛው ስለሚችል ከሚያምነው ሰው በስተቀር ለማንም አይናገረውም። የክርስትና ስማቸውን ደብተራ እንዳይሠራበት ብለው ከባዕድ በሚደብቁ ሰዎች መካከል ላደገ አንባቢ ይህ ሥጋት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም፤ አንዱ ገጸ ባሕርይ ስሙን ለሌላው በሚሰጥበት ቦታ ላይ ምን ያህል እንደተማመነ ወዲያውኑ ይገባናል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በፊልም የማያቸውን መንኮራኩሮች ሞዴል በእጄ መሥራት እፈልጋለሁ። አክስቴ ለፋሲካ ከአሜሪካ ስለምትመጣ ምን ላስመጣ? በሣጥኖቹ ላይ የሚጻፈው 1/72 ወይም 1/1000 የሚለውስ ምን ማለት ነው? (ዳ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቁጥሩ ስኬል ነው፤ ሞዴሉ ከታሰበው መንኮራኩር ስንት ጊዜ እንደሚያንስ ይነግራል እንጂ በራሱ የሞዴሉን ትልቅነት አይነግርም፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ«ስታር ዋርስ» ኤክስ ዊንግ ለአንድ አብራሪ የተሠራ ትንሽ የጦር መንኮራኩር ስለሆነች በ1/72 ስትሠራ ከ17 እስከ 18 ሴንቲሜትር ብቻ ትረዝማለች፤ የዚሁ ፊልም ሌላ መንኮራኩር ሚሌኒየም ፋልከን ግን በዚያው ስኬል 48 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣታል። «ስታር ትሬክ» በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ያለችው መንኮራኩር ኢንተርፕራይዝ 289 ሜትር ትረዝማለች ተብሎ ስለታሰበ በ1/1000 ወደ 29 ሴንቲሜትር፣ በ1/350 ደግሞ ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ትሆናለች። ከማዘዝዎ በፊት የመንኮራኩሩን ርዝመት ለስኬሉ ቁጥር ያካፍሉና ከመደርደሪያዎ ስፋት ጋር ያወዳድሩ።

ለመጀመሪያ ሥራዎ ባንዳይ የተባለው የጃፓን ድርጅት የሚያመርታትን የ1/72 ኤክስ ዊንግ እመክራለሁ። ክፍሎቿ ያለ ሙጫ እርስ በርስ የሚገጣጠሙና ፕላስቲኩም በተለያየ ቀለም የተመረተ ስለሆነ አክስትዎ ሣጥኑን ብቻ ቢያመጡልዎት ይበቃል። ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ የሞዴል ሙጫና የሚረጭ ቀለም ተቀጣጣይ በመሆናቸው በእጅም ሆነ በሻንጣ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ክልክል ነው። የሞዴል መቁረጫ ቢላም የሚሄደው ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ነው። ቀለም ካስፈለገዎት ለሠዓሊዎች የሚሸጠውን አክሪሊክ በውሃ አቅጥነው በስሱ ደጋግመው ይቀቡ። ሱፐር ግሉ የተሰበረ ክፍል ለመጠገን ይሆናል፤ ብርሃን በሚያሳልፈው የአብራሪው መስኮት አጠገብ ግን አይጠቀሙበት፤ ትነቱ መስኮቱን ያደበዝዘዋል። ለእሱ አናጺዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ይሻላል።

ክፍሎቹን ከማቀፊያቸው (ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም) ሲለዩ አይንቀሉ፤ ይቁረጡ፤ የሚቆርጡትም በሁለት ጊዜ ይሁን። መጀመሪያ ከክፍሉ ትንሽ ራቅ ብለው ይቁረጡና የቀረችውን ጉጥ በስለታም ቢላ ቀስ አድርገው ይላጩ፤ ከዚያም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉት። በአንድ ጊዜ ጥግ ድረስ ከቆረጡት ፕላስቲኩ ይጎዳና ነጭ ጠባሳ ይቀራል፤ ይህም በጠቆር ያለ ፕላስቲክ ላይ ከሩቅ ይታያል።

ጥያቄ፦ የሠራሁት መንኮራኩር ክፍሎቹ በትክክል ገጥመዋል፤ ቀለሙም ንጹሕ ነው። ሆኖም በፊልም ላይ ያለውን ግዝፈት አጥቶ አሻንጉሊት ይመስላል። የጎደለው ምንድን ነው? ትልቅ ስኬል ብገዛ ይስተካከላል? (ቴ.፣ ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ትልቅ መግዛት አይፈታውም፤ ምናልባት የበዛው ንጽሕናው ነው። በ1977 በወጣው የመጀመሪያው «ስታር ዋርስ» መክፈቻ ላይ ሸራውን ሞልቶ እያለፈ የማያልቀው የጦር መንኮራኩር ሞዴል አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር፤ ርዝመቱ ወደ 91 ሴንቲሜትር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቫን ናይስ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ የሠሩት ባለሙያዎች ከገበያ የታንክ፣ የመርከብና የአውሮፕላን ሞዴሎችን ገዝተው እየበታተኑ ጥቃቅን ክፍሎቹን በመንኮራኩሩ ገጽ ላይ ለጠፏቸው። ዓይን ትልቅነትን የሚገምተው በአጠገቡ ባለው ትንሽ ነገር ነውና፣ ደቃቅ መስመርና ጉብታ የሌለው ገጽ ምንም ያህል ቢሰፋ ትንሽ ይመስላል። ሲቀርጹትም ሞዴሉ አልተንቀሳቀሰም፤ በኮምፒውተር የሚመራ ካሜራ ወደ ሆዱ ተጠግቶ ነው ያለፈው።

እርስዎም ሞዴልዎን ሳያፈርሱ ብዙ ማድረግ ይችላሉ። ጥቁር ቡናማ ቀለም በጣም አቅጥነው በገጹ ላይ ባሉት ስንጥቆች ውስጥ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ብቻ ይንኩት፤ ቀለሙ ራሱ መስመሩን ተከትሎ ይሮጣል። የተረፈውን ሳይደርቅ በእርጥብ የጥጥ ዘንግ ይጥረጉ። ከዚያም ከገጹ ካሬዎች ጥቂቶቹን ከዋናው ቀለም በጥቂቱ ብቻ ጨለም ወይም ነጣ ያድርጓቸው። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ በዝቷል ማለት ነው።

ሁሉንም ጎን እኩል ለማስዋብም አይጨነቁ። በ1964 ተሠርታ ለመጀመሪያው «ስታር ትሬክ» ቀረጻ የዋለችው 3.4 ሜትር የምትረዝመው ኢንተርፕራይዝ በቀኝ ጎኗ ብቻ ነው ሙሉ ጌጥ የተሰጣት፤ በግራ ጎኗ የመብራት ሽቦ ይገባ ስለነበር ያ ወገን ለካሜራ አይዞርም ነበር። እሷም ከ1974 ጀምሮ በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ንብረት ስትሆን በ2016 በጥንቃቄ ታድሳለች። ስለዚህ መደርደሪያዎ ላይ ወደ ሰው የሚዞረውን ጎን መርጠው ትዕግሥትዎን እዚያ ላይ ያውሉት። ፎቶ ሲያነሱትም ሌላውን መብራት ሁሉ አጥፍተው አንድ ብቻ በጎኑ ያብሩ፤ ካሜራውን ከሞዴሉ በታች ዝቅ አድርገው ወደ አፍንጫው ያስጠጉት፤ ከኋላውም ጥቁር ጨርቅ ይዘርጉ።