ለሙዚቃዊ ቴአትር ለምትፈተኑ ልጆች

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

በወጣት ማዕከሉ በር ወይም በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ «መዝፈን፣ መተወንና መወዛወዝ የምትችሉ ተመዝገቡ» የሚል ወረቀት ሲለጠፍ ልባችሁ የሚመታባችሁ ብዙ ናችሁ። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በአዲስ አበባችን ዘፈን፣ ውዝዋዜና ተውኔት በአንድ መድረክ ነው ያደጉት፤ በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከሀገር ፍቅር ጀምሮ፣ በ1948 ዓ.ም. እስከተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ድረስ። ስለዚህ የምትገቡበት ነገር እንግዳ አይደለም። ጥሩ ድምፅ ያለው ወጣትም ሞልቷል። ፈታኞች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚያጡት፣ ሲዘፍን ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው። በሙዚቃዊ ቴአትር ታሪኩ የሚሄደው በግጥሙ ውስጥ ስለሆነ፣ ግጥሙ ካልተሰማ ተመልካቹ ከታሪኩ ወጣ ማለት ነው።

ከዚሁ ልጀምር። አማርኛችን በመጥበቅና በመላላት ትርጉም ይለውጣል። «ገና» ሲላላ ጊዜው ያልደረሰ ነገር፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ ሰፊው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው ነው። ስናወራ በዚህ የሚሳሳት የለም። ስንዘፍን ግን ዜማው አናባቢውን ይጎትተውና የሚጠብቀውም ፊደል ላልቶ ይወጣል፤ ሰሚው ቃሉን ይጠራጠራል፣ እሱን ሲያስብ ቀጣዩ ስንኝ ያመልጠዋል። መድኃኒቱ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ለአፍታ መቆየት ነው። ጊዜውን የምትወስዱት ከፊቱ ካለው አናባቢ ላይ ቀንሳችሁ ነው፤ አለበለዚያ ከምቱ ወደኋላ ትቀራላችሁ። «ለ»፣ «መ»፣ «ነ» ሲጠብቁ ዜማው በውስጣቸው ይቀጥላል፤ አፍንጫችሁን ወይም ምላሳችሁን እያስነዘረ ሲያልፍ ይታወቃችኋል። «ተ»፣ «ከ»፣ «ጠ» ሲጠብቁ ግን ዜማው ለቅጽበት ይቋረጣል። ያንን ጸጥታ አትፍሩት፣ ቃሉን የሚያቆመው እሱ ነው።

ልምምዱ ቀላል ነው። ግጥሙን በእጃችሁ ገልብጡ፤ ከስልክ ላይ ማንበብ አይበቃም። የሚጠብቀውን ፊደል ሁሉ ከአናቱ ላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ አድርጉበት። ከዚያ ያለ ዜማ፣ ለአንድ ሰው እንደምትነግሩት አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ተናገሩት። ቀጥሎ እያጨበጨባችሁ በምቱ ብቻ በሉት። ዜማው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከዚያ በስልክ ቀድታችሁ ዘፈኑን ለማያውቅ ሰው አሰሙት፤ የሰማውን ቃል በቃል ይጻፍላችሁ። እናንተ ከጻፋችሁት የተለየው ቦታ ሁሉ ገና ሥራ ይቀረዋል።

አሁን ዘፈን ስለ መምረጥ። ሁለት አዘጋጁ፣ አንድ የረጋ አንድ ፈጠን ያለ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ደቂቃ ተኩል ያልበለጡ። የብዙ ዘፈኖቻችን መግቢያ ሙዚቃ ረጅም ነው፤ ፈታኝ ፊት ቆሞ መግቢያው እስኪያልቅ መጠበቅ እናንተንም እነሱንም ያስጨንቃል። ቁረጡት፤ አራት ምት ይበቃል። ከአንዱ ስንኝ ጀምራችሁ በአዝማቹ ዝጉ።

የረጋው ዘፈን ሲባል አብዛኛው ልጅ ትዝታ ነው የሚያመጣው። ትዝታ ውብ ቅኝት ነው፤ ነገር ግን ማስረቅረቅን ስለሚጋብዝ ጀማሪው ጌጡን ሲያበዛ ቃሉን ይውጠዋል። ትዝታ ካመጣችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች ያለ አንዳች ጌጥ ዘፍኑ። ባቲ ለድራማ የሚመች ይመስለኛል፤ ሐዘኑም ቁጣውም ይወጣበታል። አምባሰል ውስጥ ከመነሻው ድምፅ ግማሽ ድምፅ ብቻ (በኪቦርድ ላይ የሚቀጥለው ቁልፍ፣ ጥቁሩም ይቆጠራል) ከፍ የሚል ድምፅ አለ፤ ሲደነግጡ እሱ ከፍ ከፍ ይልና ዘፈኑ ሳይታወቅ ወደ ሌላ ቅኝት ይንሸራተታል። አንቺሆዬ ደግሞ ከአራቱ ለጆሮ አስቸጋሪው ነው። ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ አንዱን ከመረጣችሁ በክራር ወይም በኪቦርድ ድምፅ በድምፅ እያመሳከራችሁ ካላጠናችሁት አታምጡት።

ከፍታውም በልክ ይሁን። በዘፈኑ ውስጥ ከሁሉ ከፍ ያለውን ድምፅ ፈልጉና፣ ቤታችሁ ሆናችሁ በምቾት ከምትደርሱበት ጫፍ ቢያንስ በአንድ ሙሉ ድምፅ (ማለትም በሁለት ግማሽ ድምፅ) ዝቅ እንዲል አድርጋችሁ መነሻውን ለውጡ። ፍርሃት ጉሮሮን ያጠባል፤ እቤት የነበረው ጫፍ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም። ያ ከፍተኛ ድምፅ የወደቀበትን ፊደልም እዩ። ራብዕ ላይ ከወደቀ አፍ ስለሚከፈት ይቀላል። «ኢ» ወይም «ኡ» ላይ ከሆነ ይጨንቃል፤ አገጫችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ኢ»ን ትንሽ ወደ «ኤ» አስጠጉት፣ ሰሚው «ኢ» ነው ብሎ ይሰማዋል። ረጅም ድምፅ ሳድስ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን ሌላ ስንኝ ብትመርጡ ይሻላል፤ ሳድስ ሲለጠጥ ይታፈናል።

ማጀቢያውን በስልክም በፍላሽም ያዙት። የዘፋኙ ድምፅ ያለበትን ቅጂ አታምጡ፤ በእሱ ላይ ስትዘፍኑ የሚሰማው የእሱ ነው። ስልኩ ቻርጅ ይኑረው፣ ከጥሪም ይዘጋ። መብራት ሊጠፋ እንደሚችልም አስቡና ሁለቱንም ዘፈኖች ያለ ማጀቢያ ተለማመዱ፤ መነሻ ድምፃችሁን ከራሳችሁ አውጥታችሁ መጀመር መቻል አለባችሁ። በክረምት ደግሞ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ድምፅ አይሰማም። በጩኸት አትፎካከሩት። ፈታኞቹን «ትንሽ ብንጠብቅ ይሻላል?» ብሎ በትህትና መጠየቅ ነውር የለበትም።

ለትንፋሽ ከተማው ራሱ መለማመጃ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ከቆላ የመጣችሁ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። ከለገሃር ተነሥታችሁ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ዳገቱን ስትወጡ ግጥሙን በለሆሳስ በሉት። እርምጃችሁን ሳታቋርጡ አንድ ስንኝ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ከቻላችሁ፣ እየተወዛወዛችሁም ትችላላችሁ። ካልቻላችሁ የት ላይ እንደምትተነፍሱ ወስናችሁ ምልክት አድርጉ፤ ቃል መሃል ላይ ግን በፍጹም አይሁን።

ውዝዋዜውን በቦታው ነው የሚያስተምሯችሁ፤ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ እያንዳንዱ እስከ ስምንት የሚቆጠር ሁለት ወይም ሦስት ዙር እንቅስቃሴ ያሳዩና በቡድን በቡድን ያያሉ። ምቱ ችክችካ ከሆነ ደግሞ ቆጠራው በስድስት ነው፤ ስምንት እየጠበቀ የሚቆጥር ልጅ ሁለተኛው ዙር ላይ ይጠፋል። መጀመሪያ እግሩን ያዙ፣ ትከሻውን በኋላ ጨምሩ። እስክስታ ላይ ትከሻ ወደ ጆሮ ሲወጣ አንገት ይጠነክራል፣ አንገት ሲጠነክር ድምፅ ይታነቃል፤ ስለዚህ ትከሻው ወደፊትና ወደኋላ ይሂድ እንጂ አይቆለል። ስትሳሳቱ ከቡድኑ ጋር መቀጠል እንጂ ቆሞ ምላስ ማውጣት የለም። ጫማችሁ ቀላል፣ የተለማመዳችሁበት፣ ሶሉ የማይንሸራተት ይሁን። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አይገዛም።

ንግግር ስጡ ቢሏችሁ አንድ ደቂቃ የሚሞላ፣ በዕድሜያችሁ ያለ ገጸ ባህሪ ምረጡ። የሃያ ዓመት ልጅ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ አዘጋጁ ስለ እሱ ምንም አያውቅም። ፈታኞቹን አፍጥጣችሁ አታናግሩ፤ ከጭንቅላታቸው ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የምታናግሩትን ሰው አቁሙና ለእሱ ተናገሩ። እንባ በግድ አይመጣም። ሊመጣ ሲል የምትይዘውን ልጅ ማየት፣ ከምታለቅሰው ይልቅ ያሳዝናል።

ያላጠናችሁትን ገጽ ሰጥተው አንብቡ ሲሉ ያው የመጥበቅና የመላላት ጉዳይ ይመለሳል፤ ፊደላችን አያሳየውም፣ ከዐረፍተ ነገሩ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ «ሁለት ደቂቃ ልየው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። በዚያች ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ፈልጉ፤ ማንን ነው የማናግረው፣ ከእሱስ ምን እፈልጋለሁ? ወረቀቱን ደረታችሁ ላይ ያዙ፣ አውራ ጣታችሁ ከመስመሩ ጋር ይውረድ፤ ቀና ብላችሁ ስትመለሱ ቦታው አይጠፋችሁም።

ድምፃችሁን የምትጠብቁት ከቀደመው ቀን ጀምሮ ነው። ውሃ ጠጡ። ኳስ ሜዳ ገብታችሁ አትጩኹ፣ ማንሾካሾክም ያደክማል። በበጋው ወራት አቧራው ይበዛልና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነም ያን ቀን ከእጣኑ ጭስ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ዝንጅብልና ማር ያለበት ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ የድምፅ አውታሩን ግን አይነካውም፣ የምንውጠው በሌላ ቧንቧ ነው የሚወርደው። ጉሮሮ የሚያደነዝዝ ከረሜላ ወስዳችሁ አትዝፈኑ፤ ሕመሙ ስለማይሰማችሁ የምትጎዱትን አታውቁም። ድምፃችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ ከሻከረ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ጠዋት ለማሟሟቅ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ብርጭቆ ግማሹን ውሃ ሙሉና የስትሮ ጫፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አጥልቁ። ከንፈራችሁን ስትሮው ላይ ገጥማችሁ «ኡ» እያላችሁ አረፋ አውጡ፤ ድምፁ ከታች ወደ ላይ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተት፣ ጉንጭ አይነፋ። አረፋው ሳይቆራረጥ እኩል ከወጣ ትንፋሻችሁ እኩል ነው፤ ድንገት ከተናጠ ገፍታችኋል። ከውሃው የሚመለሰው ግፊት የድምፅ አውታሮቹ ሳይፋጩ እንዲርገበገቡ ያግዛል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ዘፈኑን አንድ ጊዜ፣ በግማሽ ድምፅ። ኮሪደር ላይ ከሌሎቹ ጋር እየተፎካከሩ ሙሉ ድምፅ ማውጣት፣ ገና ሳይገቡ ጨርሶ መምጣት ነው።

«3 ሰዓት» ከተባለ 2 ተኩል ድረሱ። ስትገቡ ሰላምታ፣ ስም፣ የምትዘፍኑት፤ በቃ። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አትበሉ፤ ከዚያ በኋላ ጉንፋኑን ነው የሚሰሙት። ግጥም ቢጠፋባችሁ ዜማውን በእንጉርጉሮ ይዛችሁ ቀጥሉ፣ ቃሉ ይመለሳል። በ20 ሴኮንድ «በቃ» ቢሏችሁ ወድቃችኋል ማለት አይደለም፤ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ የሚፈልጉትን ሲሰሙ ያስቆማሉ። «ይሄንኑ ለእናትህ እንደምትነግራት አድርገው» ቢሉ ደስ ይበላችሁ። ሲመራ የሚቀየር ልጅ መሆናችሁን ሊያዩ ነው፤ ስለዚህ በጉልህ የሚታይ ነገር ለውጡ። ፍጥነቱን፣ ዓይናችሁ የሚያርፍበትን፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግን። ከመጀመሪያው ባይሻል እንኳ የተለየ ይሁን።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ። ለማሳለፍ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ወይም በማታ ብቻችሁን ቤቱ እንድትመጡ የሚቀጥር ሰው ፈታኝ አይደለም። ፈተና አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ባለበት ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆናችሁ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ይዛችሁ ኑ፤ ማንም ደግ አዘጋጅ በዚህ ቅር አይለውም። ከመፈረማችሁ በፊትም ጠይቁ፤ ልምምዱ በሳምንት ስንት ቀን ነው፣ በስንት ሰዓት ያበቃል? ማታ 2 ሰዓት ከሆነ ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ ወደ ሰፈራችሁ ታክሲ ይገኛል? የትራንስፖርት ይሰጣል ወይስ ከኪስ ነው? ሦስት ወር ሙሉ መመላለስ የማይችል ልጅ ቦታ ይዞ መሃል ላይ ሲቀር የሚጎዳው ቡድኑ ነው።

ስማችሁ ከዝርዝሩ ከጠፋ፣ ቁመታችሁ ከመሪ ተዋናዩ ጋር ስላልሄደ ወይም የእናንተ ዓይነት ድምፅ ስለበዛ ሊሆን ይችላል። ከሳምንት በኋላ አዘጋጁን «ምን ባሻሽል ይሻለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለመከራከር ግን አይደለም። በአጃቢ ድምፅ ከተመደባችሁ ግቡ። በኅብረት ስትዘፍኑ ከጎናችሁ ያለውን ከራሳችሁ አስበልጣችሁ መስማት ትለምዳላችሁ፤ ይህን በብቻ ልምምድ አታገኙትም። ጽሑፉ የታደላችሁ ቀን የእናንተን ስንኞች ብቻ ሳይሆን ከእናንተ በፊት ያለውን የመጨረሻ ቃል ሁሉ በእርሳስ አስምሩበት፤ መድረክ ላይ የምትገቡት እሱን ሰምታችሁ ነው።