ካሊ ሊኑክስ ለጫነው ልጅ

ሰሞኑን ማራኪ ግቢ በር ላይ አንድ ልጅ አስቆመኝ። ለመመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። «ፕሮፌሰር፣ ካሊ ሊኑክስ ጭኛለሁ፤ ከዚህ ቀጥሎ ምን ልጫን?» አለኝ። ካሊ ሊኑክስ የኮምፒውተርን ደህንነት መፈተሻ መሣሪያዎች የታጨቁበት ሲስተም ነው። ባጃጅ እየጠበቀኝ ስለነበር «በርታ» ብዬው ሄድኩ። «በርታ» ደግሞ ምን መልስ ነው? ማታ ሲከነክነኝ አደረ። ስለዚህ ይኸው፣ ለእሱም፣ የኮምፒውተር ደህንነት ሙያ ልግባ ለምትሉት ለእናንተም እጽፋለሁ።

እኔ ስለ ኔትዎርክ ማስተማር የጀመርኩት ኔትዎርክ በእጄ ሳልነካ ነው። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣጥን እየሣልኩ፣ ሣጥኖቹን በመስመር እያያያዝኩ አስተምር ነበር። የሞሪስ ትል የሚባለው፣ ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ስድስት ሺህ ያህል ኮምፒውተሮችን አንበርክኮ ነበር ይባላል። የእሱ ወሬ እኔ ዘንድ የደረሰው ከዓመታት በኋላ፣ በፎቶ ኮፒ ነው። ጉድ የሚያሰኘው፣ ትሉን የለቀቀው ተማሪ ኋላ ራሱ ፕሮፌሰር ሆነ።

ለፒኤችዲ ውጭ አገር ስሄድ እንደ እናንተ ቸኩዬ ነበር። ጥቃትን ከጤናማ ግንኙነት የሚለይ ፕሮግራም ሠራሁ። የሞከርኩት ያኔ ሁሉም በሚጠቀምበት፣ ኬዲዲ 99 በሚባለው ዳታ ነው፤ እያንዳንዱ መዝገብ አንድ የኔትዎርክ ግንኙነት ነው፣ «ጤናማ» ወይም የጥቃቱ ስም ተጽፎበታል። ውጤቱ 99 ከመቶ ወጣ። ጎንደር ለእናቴ ደወልኩ። በስልክ እልል አለችልኝ። ምን እንደሠራሁ አልገባትም። ለነገሩ እኔም አልገባኝም ነበር።

ጽሑፉን ለጆርናል ላክሁት። ከወራት በኋላ የገምጋሚው መልስ መጣ። ከዚያ ሁሉ ትችት አንዲት ጥያቄ ብቻ ትዝ ትለኛለች፦ ለሁሉም «ጥቃት ነው» ብሎ የሚመልስ ፕሮግራም ስንት ያመጣል? ተቀምጬ ቆጠርኩ። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት አነስተኛው ቅጂ 494,021 መዝገቦች አሉት። ጤናማው 97,278 ብቻ ነው። እንግዲህ ዓይኑን ጨፍኖ «ጥቃት ነው፣ ጥቃት ነው» የሚል ሁሉ 80 ከመቶ ያገኛል! ከጥቃቶቹም አብዛኞቹ ስመርፍና ኔፕቱን የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙሉውን ዳታ ሲፈትሹት፣ ከማሠልጠኛው ክፍል 78 ከመቶ ያህሉ ድግግሞሽ ሆኖ አገኙት። ጥያቄውን ከነመልሱ አስቀድሞ ያየ ተማሪ 99 ቢያመጣ ምን ይገርማል?

ዛሬም በዚሁ ዳታ የተሠራ የማስተርስ ተሲስ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። 99.7 ይላል። አልቆጣም፤ በምን አፌ? የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ዳታውን ከፍተህ መቶ መስመር በዓይንህ አንብበሃል?» አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይባላል።

ቀስ ብሎ ማንበብ የዚህ ሙያ ግማሹ ነው። ድረ ገጾች ምስጢር በሚጠብቁበት ፕሮግራም ውስጥ የተገኘውን፣ ሃርትብሊድ የተባለውን ስህተት ውሰዱ። አንድ ኮምፒውተር መልእክት ይልክና «ርዝመቱ ይህን ያህል ነው» ይላል። ተቀባዩ ፕሮግራም ሳይለካ ያምነዋል። መልሶ ሲልክ ያልነበረውን ሁሉ ከራሱ ሜሞሪ እየቀዳ ይጨምርበታል፤ በአንድ ጊዜ እስከ 64 ኪሎባይት። ከዚያ ውስጥ የሰው ፓስወርድ ሊኖር ይችላል። ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነበር። ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ማንም ልብ አላለውም። እዚህ ጎንደር ያደገ ሰው ሰምና ወርቅ አያጣም። ኮድም ሲነበብ እንደዚያ ነው፤ ጸሐፊው ማለት የፈለገው አንድ፣ ኮዱ የሚለው ሌላ። ቀዳዳው ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

የራሴን የምርምር ጥያቄ ያገኘሁት ግን ኮድ ውስጥ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ነው።

በርበሬ የምትሸጥልኝ ደንበኛዬ አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ ጠበቀችኝ። ሰው ከባንክ ነኝ ብሎ ደውሎ «እትዬ፣ ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላት። አነበበችለት። የወር ሽያጯ ሄደ። እንደ መሐንዲስ ሳየው ምንም የተሰበረ ነገር የለም። መረጃውን በቁልፍ የሚቆልፈው ምስጠራ ሠርቷል። ሰርቨሩ ሠርቷል። በመልእክት የተላከው ኮድም የደረሰው ለትክክለኛው ስልክ ነው። ከርክሆፍስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1883 እንደጻፈው፣ ጥሩ ምስጠራ አሠራሩ ሁሉ በጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ቁልፉ እስካልወጣ ድረስ ይጠብቃል። ቁልፉን ግን ጮክ ብላ አንብባዋለች።

«መልእክቱ እኮ ለማንም እንዳትሰጪ ይላል» አልኳት። ቆጣ ብላ አየችኝ። «ለማንም አልሰጠሁም፣ ጋሼ። ለባለቤቱ ነው የሰጠሁት» አለች።

እንዲህ ያለ መልስ በየትኛውም ጆርናል አንብቤ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሥራ ከሞላ ጎደል ከዚህች ዓረፍተ ነገር የወጣ ነው። እሷ ማን መሆኗን በሚስጥር ቁጥርም በኮድም ታረጋግጣለች። ደዋዩ ማን መሆኑን የምታረጋግጥበት ግን ምንም አልሰጠናትም። ከዚያ ስትታለል «አልተማረችም» እንላለን። እኔም እል ነበር። የፋሲል ግቢን በሮች ታውቋቸዋላችሁ፤ 12 ናቸው ይባላል። ባልደራስ በር፣ እምቢልታ በር፣ ራስ በር። ስማቸውን ስትሰሙ በዚያ የሚያልፈው ማን እንደሆነ ትገምታላችሁ። የኛ ስልክ ግን አንድ በር ብቻ ነው ያለው። የባንኩም ሰው፣ አጭበርባሪውም፣ አማቷም በዚያው ይገባሉ።

አሁን ደስ የማይለኝን ልንገራችሁ። አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። በአንድ ተቋም ድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር በአንድ ሲቀይረው የሌላ ሰው መረጃ ወጣለት። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ! እሱ ግን «ማስረጃ ይሆነኛል» ብሎ ብዙ መቶ ሰው መረጃ አወረደ። ቴሌግራም ላይም ለጓደኞቹ አሳየ። ክፋት አልነበረውም፤ ሕጉ ግን ልብ አይመረምርም። በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ መግባት በራሱ ወንጀል ነው፣ ባትሰርቁም። ከቢሮ ቢሮ አብሬው ስመላለስ ከረምኩ። ጥፋቱ የእኔም ነው። እንዴት እንደሚገባ አስተምሬዋለሁ። የት ላይ እጁን እንደሚሰበስብ አላስተማርኩትም። የደህንነት ፍተሻ የምታደርጉት በራሳችሁ ማሽን ወይም በጽሑፍ በተፈቀደላችሁ ሲስተም ላይ ይሁን። ድንገት ቀዳዳ ካያችሁ ቁሙ፣ ያያችሁትን ጻፉ፣ ለባለቤቱ ብቻ ንገሩ። ዝም ቢሏችሁም አደባባይ አታውጡት፤ አስተማሪያችሁን ይዛችሁ እንደገና ሂዱ።

ስለ ደሞዝ አትጠይቁኝ። በሦስት ቀን አትመንልሃለሁ፣ ብር ላክ ከሚል ጆርናልም ሽሹ። እኔ አንዴ ተበልቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋብን፣ ልጆች ጽሑፎችን በፍላሽ እያዞሩ ያነቡ ነበር። ብዙ ማውረድ ስለማይቻል ያገኙትን አንዱን ጽሑፍ ሦስት አራት ጊዜ ይደግሙታል። ችግሩን ማሞገሴ አይደለም፣ ጎድቶናል። ግን እንደዚያ ዓመት ጥሩ ጥያቄ የተጠየቅኩበት ዘመን አላስታውስም።

እና አንተ ልጅ፣ ለአሁኑ ምንም አትጫን። ቅዳሜ ገበያ ውረድ። ደንበኞችህ ከሆኑ ሦስት ነጋዴዎች ጋር ተቀመጥ። ስልካቸው ላይ የገባ የማስጠንቀቂያ መልእክት እንዲያነቡልህ ለምናቸው፤ ሚስጥር ቁጥራቸውን ግን እንዳታይ። ከዚያ «ይህ ምን ማለት ነው?» በላቸው። እንዳታርማቸው። ያሉትን ቃል በቃል ጻፍ። ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮ አለሁ። ደብተሩን ይዘህ ና፣ ላፕቶፑን ተወው። ባጃጅ ቢጠብቀኝም አልሄድም።