ይድረስ ለአምዱ፦ ደንገጎን የማያይ ሞዴል ለድሬ ምን ያደርጋል?

ባለፈው እትም አገራችን የራሷን የአየር ንብረት ሞዴል፣ ማለትም የወደፊቱን ሙቀትና ዝናብ በኮምፒዩተር የማስላት ጥናት ታጠናክር፣ ፖሊሲ የሚያወጡ ሰዎችም ውጤቱን ይጠቀሙበት ብለን ጽፈን ነበር። ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡት ጥያቄዎች ጠንከር ያሉ ናቸው። ሦስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሳቢያን ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ኑሮው ጣሪያ ነክቷል፣ እናንተ ደግሞ ለኮምፒዩተር ጥናት ገንዘብ ይውጣ ትላላችሁ። ፈረንጆቹ የመላውን ዓለም ሠርተው በነፃ ለቀውት የለም እንዴ? አውርዶ መጠቀም አይቻልም? ቅንጦት መሰለኝ።

በነፃ መለቀቁ እውነት ነው። የትላልቆቹ የዓለም ሞዴሎች ውጤት ኢንተርኔት ላይ አለ፣ የእኛም ተመራማሪዎች ያወርዱታል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሞዴሉ ምድርን በካሬ በካሬ ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው። ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ የሙቀት ቁጥር፣ አንድ የዝናብ ቁጥር፣ አንድ ከፍታ። የብዙዎቹ ካሬ ጎን ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አሁን የእኛን አካባቢ ያስቡት። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ በመሃል የደንገጎ ገደል አለ፣ ሐረማያ አለ፣ አወዳይ አለ፣ ይኼ ሁሉ አንድ ካሬ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለሞዴሉ ድሬም ሐረርም አንድ ናቸው፣ ገደሉ የለም፣ ሁሉም አማካይ ሜዳ ነው። ከድሬ ላቡ እየወረደ ተነስቶ ደንገጎ ላይ ሹራብ የሚፈልግ ሰው ይኼን ካርታ እንዴት ብሎ ይመነው?

ነገሩ ደግሞ ነፍስ ያስከፍላል። ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ያውቁታል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ በእኩለ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ግን ሰውን ከነቤቱ ጠርጎ ከ250 በላይ ነፍስ አጠፋ። ውሃው የተሰበሰበው ከላይ ከደጋው ነው። የድሬ ሰው እንደሚያውቀው ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ደቻቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሊሞላ ይችላል። እንግዲህ ድልድዩ ምን ያህል ከፍ ይበል፣ የወንዙ ዳር ግንብ እስከ የት ይሂድ፣ የትኛው ቦታ ላይ ቤት አይሠራ ብሎ የሚወስን መሐንዲስ የዓመቱ አማካይ ዝናብ ምንም አያደርግለትም። የሚፈልገው በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ደጋው ላይ የሚወርደው ዶፍ ከ30 ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚሆን ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል፣ ስለዚህ ዶፉ ሊበረታ እንደሚችል ፊዚክሱ ራሱ ይነግረናል። ምን ያህል፣ የትኛው ሸለቆ ላይ የሚለውን ግን ገደሉን የሚያይ ሞዴል ብቻ ነው ሊሞክረው የሚችለው። የእንግሊዝ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት መላውን አፍሪካ በ4.5 ኪሎ ሜትር ካሬ አስልቶ እንደሚቻል አሳይቷል። እሱን ይዞ ለደቻቱ ተፋሰስ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው ግን ከለንደን አይመጣልንም። በሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፣ ቢያንስ ማሳጠር አለብን።

የውሃውንም ነገር አንስተዋል። የድሬ ውሃ አንዱ ምንጭ የሰፈርዎ የሳቢያን ጉድጓዶች ናቸው፣ ጉድጓዶቹን የሚተካው ደግሞ ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ወደ ታች የሚሰርገው ውሃ ነው። ያ ዝናብ ወደፊት በዝግታ ነው የሚዘንበው ወይስ በዶፍ ወርዶ ሳይሰርግ በደቻቱ በኩል ይሄዳል? ይኼን ሳያውቁ ተጨማሪ ጉድጓድ መቆፈር ገንዘብን ጉድጓድ ውስጥ መጨመር ይሆናል። እኔ ቅንጦት የምለው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ከሐረር፣ ጀጎል ነኝ። አባቴ ፈዲስ ላይ ማሽላ ያርሳሉ። በልግ ከዳን ይላሉ። ሬዲዮ ላይ ግን አንድ ባለሙያ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ዝናብ ይጨምራል ሲሉ ሰማሁ። ማንን ልመን?

አባትሽ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ሬዲዮ ላይ የሰማሻቸውም አልዋሹም። ግራ ያጋባሽ ነገር ሳይንቲስቶቹን ራሳቸውን ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አንስቶ እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ በሰፊው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ቀንሷል። አብዛኞቹ የዓለም ሞዴሎች ግን ለወደፊቱ ጭማሪ ነው የሚያሳዩት። እንቆቅልሽ ብለው ስም ሁሉ አውጥተውለታል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የጀመረው ድርቅ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ አክሽፎ የሶማሌንና የቦረናን ከብት ፈጀ፣ ከዚያ በ2023 መጨረሻ እዚያው ሶማሌ ክልል ጎርፍ ሰው አፈናቀለ። አማካይ ብትሠሪለት ደህና ዓመታት ሊመስል ይችላል!

አንዱ ምክንያት ዝናባችን ከሩቅ ባሕር ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነው። በልጋችን የሕንድ ውቅያኖስንና የምዕራብ ፓስፊክን ሙቀት ይከተላል፣ ክረምታችን ደግሞ ፓስፊክ ላይ ኤልኒኖ የሚባለው የባሕር ሙቀት ሲነሳ ይዳከማል። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ ኤልኒኖ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈልጎ ነበር። ሞዴሉ የባሕሩን ሙቀት ትንሽ ከሳተ የእኛን በልግ ብዙ ሊስት ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔን የሚያናድደኝ የሃያ ሞዴሎችን ውጤት ደምሮ ማካፈልና አማካዩን ፖሊሲ ሰነድ ላይ መለጠፍ ነው። መጀመሪያ ይፈተኑ። ያለፈውን 40 ዓመት የሐረርጌ በልግ እንዴት እንደነበር ማሳየት ያቃተው ሞዴል የሚቀጥለውን 30 ዓመት እንዲነግረን ለምን እንጠይቀዋለን? መፈተኛው ወረቀት ያለው ደግሞ እኛው ጋ ነው። በየጣቢያው ያለው ተመልካች ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዝናብ መለኪያውን ከፍቶ ውሃውን ወደ መስፈሪያው ብርጭቆ ይገለብጣል፣ ዓይኑን ከውሃው ጋር አስተካክሎ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ያነባል፣ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ባይዘንብም ዜሮ ብሎ ይጽፋል። ያ ዜሮ ዋጋው ትልቅ ነው፣ ካልተጻፈ አልዘነበም ይሁን አልተለካም ማንም አያውቅም። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር እነዚህን መዝገቦች ከሳተላይት መረጃ ጋር አዋህዶ ጣቢያ የሌለበትን ቦታ ጭምር በጥቂት ኪሎ ሜትር ካሬ የሚያሳይ የዝናብ ታሪክ አዘጋጅቷል። በጣም የምኮራበት ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉንም በአየር ንብረት ላይ ማላከክም ያሳስታል። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሙቀቱ ብቻውን አይደለም ያደረቀው። ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ይቀዳ ነበር፣ ከየኮረብታው የታጠበው አፈርም ሞልቶታል። አባትሽንም ዝናቡ መጥፋቱን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚጀምርና በመሃል ስንት ቀን እንደሚያቋርጥ ጠይቂልኝ። ለማሽላ የሚበልጠው እሱ ነው፣ ከጠቅላላው ዝናብ ይልቅ።

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ስለ ዶፍ ዝናብ ለመሥራት አስቤያለሁ። ሱፐር ኮምፒዩተር የለም፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ልጠብቅ ወይስ አገር ልቀይር?

አትጠብቅ። ማሽኑ ያስፈልጋል፣ አንድ ቀን ይገዛል፣ መብራት ሳይቆራረጥበት የሚሠራበት ቤትም ያስፈልገዋል። ገንዘቡ በእኔ እጅ ቢሆን ግን የምጀምረው ከሰውና ከመረጃ ነበር። ስንት ጎበዝ ልጅ ማስተርሱን እዚህ ጨርሶ ሥራው ላይ የሚያቆየው ደመወዝ አጥቶ ሄዷል። የቀረውም አንድ የዝናብ መረጃ ለማግኘት ደብዳቤ ይዞ ሲንከራተት ወሩ ያልቅበታል። በሕዝብ ገንዘብ የተለካ ዝናብ ለሕዝብ ተማሪ ክፍት መሆን አለበት፣ በዚህ አልደራደርም።

አንተ በእጅህ ባለው ላፕቶፕ የምትጀምረው አለ። ከሳተላይትና ከጣቢያ መለኪያ የተሰናዳው ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በየቀኑ፣ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ካሬ፣ በነፃ ይገኛል። የደቻቱን ተፋሰስ ብቻ ቆርጠህ አውርድ፣ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ኔትወርክ ሲመለስ በአንድ ሌሊት ይወርዳል። ለማስላት ፓይተን የሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ በቂ ነው። ከዚያ ደጋው ላይ ካለ ጣቢያ መዝገብ ጋር አስተያየው። ሳተላይቱ ብዙ ጊዜ ከባዱን ዶፍ አሳንሶ ነው የሚያየው፣ እዚህ ምን ያህል እንደሚያሳንስ ካወቅክ ራሱን የቻለ ግኝት ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአየር ንብረትና የግብርና ማዕከል አለ፣ ቅርብህ ነው፣ ሄደህ አማካሪ ፈልግ።

ስትጨርስ መቶ ገጹን ለመምህርህ ስጥ። ለከተማው መሐንዲስና ለአደጋ ሥጋት ሠራተኛው ግን ሁለት ገጽ ጻፍ፣ ሒሳቡን ተወውና ቁጥሩን፣ እርግጠኛ ያልሆንክበትን መጠን፣ ካርታውን ብቻ አስቀምጥ። በአማርኛ ይሁን፣ ብትችል በኦሮምኛና በሶማልኛም። እኛም ጋ ላከው፣ ይኼው አምድ ላይ እናወጣዋለን።