«ጭንቅላቴ አይዝም» ለምትሉ ልጆች

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ጋሼ፣ ሳነበው ይገባኛል፤ ፈተና ላይ ግን ድራሹ ይጠፋል። ጭንቅላቴ አይዝም መሰለኝ» አለችኝ። ሥነ ልቦና ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ መልሱን አውቀዋለሁ። ግን አፌን ያዘኝ። ይህንኑ ነገር ድሮ ከአንድ ልጅ ሰምቼው ነበር።

ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አብረን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቱ በሶና ዳቦ ቆሎ በአህያ ጭነው ይመጡለታል፣ ለእኔም ይተርፋል። ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር። ዳዊትን፣ 150ውንም መዝሙር፣ በቃሉ ይለዋል። ማታ ኩራዙን አጥፍተን ስንተኛ ይጀምራል፣ እሱ ሳይጨርሰው እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል። ይኼ ልጅ ለማትሪክ ሲያጠና ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ደብተሩን ከፍቶ ያነባል፣ ይጨርሳል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ያነባል፤ እንዲህ እያለ የመንገድ መብራት ሥር ቆሞ ያመሻል፣ ብርዱ እጁን እስኪያደርቀው። ከእኔ በእጥፍ ነበር የሚያጠናው። ወደቀ። ውጤቱን ያየን ዕለት «እኔ'ኮ ጭንቅላቴ አይዝም» አለኝ። ዳዊትን በቃሉ የያዘ ልጅ! ዕቃውን ሰብስቦ አገሩ ገባ። በኋላ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወረደ ሲባል ሰማሁ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሚነግረኝ አጣሁ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እዚያ ነው ስለ ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተማርኩት። ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየፈጠረ፣ ራሱን እየፈተነ፣ ሰው ምን ያህል እንደሚረሳ ለክቶ በ1885 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ይጠፋል። በማግስቱ ሲሶ ያህሉ ይቀራል። ከዚያ በኋላ መጥፋቱ ቀስ ይላል፣ ከወር በኋላም አንድ አምስተኛው አለ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ያን ልጅ አሰብኩት። የደረሰበት ነገር የሁሉም ሰው ነበር። አንድ ዓመት ቀድሞ የሚነግረን ሰው ባለመኖሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ዘዴው በእጁ መኖሩ ነው። የቆሎ ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታ ነው፣ ጨልሞ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት። መምህሩ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ከዚያ ብቻውን ይለዋል፣ ሲስት ይታረማል። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ውዳሴ ማርያምን የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ በቃላቸው ያደርሱ ነበር፣ አንድም ቀን ሲያምታቱ አልሰማሁም። በ2006 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ በተማሪዎች ፈተሹት። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ሌላውን አንብበው፣ ወረቀቱን ትተው፣ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት ጽሑፍ በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ከእሱ 42 በመቶውን ሲያስታውሱ ራሳቸውን ከፈተኑበት 56 በመቶውን አስታወሱ። ጓደኛዬን የሸወደው ያቺ የአምስት ደቂቃ ብልጫ ናት። ዓይኑ የለመደውን ያወቀው መሰለው።

እናንተ ደግሞ ብሶባችኋል። ከቴሌግራም ሾርት ኖት ታወርዳላችሁ፣ ስክሪንሾት ታነሳላችሁ፣ ስልክ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ የተጠና ይመስላችኋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያኔ አገር ሁሉ ወጣቱን ሰነፍ ብሎ ሰደበ። እኔ ግን ስንፍና አልለውም። እንዴት እንደሚጠና ማን አስተማራችሁ?

ልጅቷን ደብተሯን አስዘግቼ ኦስሞሲስ ምንድን ነው አልኳት። በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሳትስት ወረደችው። «ታዲያ ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነካው ለምን ውሃ ይወጣዋል?» ስላት ዝም። በአንድ ጊዜ በሐሳባችን የምንይዘው ጥቂት ነገር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. ሰባት ገደማ ብሎ ነበር፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ወደ አራት አወረዱት። ያቺን ጠባብ ቦታ እንግሊዝኛው ብቻውን ከሞላት ነገሩን በምን እናስበው? መጀመሪያ በለመዳችሁት ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ፣ ለእናታችሁ እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ተናገሩት። ሽምደዳ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ቀመሩንና ባዕዱን ቃል ያለ ሽምደዳ የሚይዘው የለም፣ አያቴም የያዙት በዚያው ነው። ቆይታ «ጨው ወዳለበት ስለሚሄድ ነዋ ውሃው!» አለች። ፊቷ በራ።

ስለ እንቅልፍና ምግብ አልነግራችሁም፣ እናቶቻችሁ ይበቃሉ። እሷን እንዲህ አልኳት፤ ዛሬ ያነበብሽውን ማታ ደብተር ዘግተሽ በይው። ነገ ድገሚው፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ። የጠፋብሽን ብቻ ከፍተሽ እዪ። መጀመሪያ ላይ ያስጠላል፣ ምንም የማታውቂ ይመስልሻል፣ ቢሆንም ወደ ማንበቡ ብቻ እንዳትመለሺ። ፈተናው ገና ወራት ይቀሩታል፣ ትደርሺያለሽ።