በጣና ዙሪያ ለተግባር ልምምድ መውጣት ለምትፈልጉ፦ ጥያቄና መልስ

በባሕር ዳርና በአካባቢው በረግረግ መሬትና በተፋሰስ ሥራ ላይ 12 ዓመት ቆይቻለሁ፤ በየዓመቱ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም እቀበላለሁ። ስለ ልምምዱ ያላችሁን ጠይቁኝ ብያችሁ ነበርና የደረሱኝን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለልምምድ ወዴት ላመልክት? ትልቅ መሥሪያ ቤት አይሻልም ትላለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚያመለክቱበት ቦታ አይጠፋም። የአካባቢና የደን ጥበቃ፣ የሐይቁ ጥበቃ፣ የዓሣ ምርምር መሥሪያ ቤቶች ባሕር ዳር ውስጥ አሉ። እኔ ግን የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትን አስቀድሚ እላለሁ። ተማሪ ሳለሁ የተመደብኩበት ትልቅ መሥሪያ ቤት ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ሲያስገለብጠኝ ከረመ፤ የሐይቁን ውሃ በመስኮት እያየሁ አንድ ቀን እንኳ ዳርቻው ላይ ሳልቆም ጊዜዬ አለቀ። ወረዳ ላይ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሥራ ስለሚበዛበት ከደረስሽበት ቀን ጀምሮ ይፈልግሻል።

ጊዜውንም ምረጪ። ለአፈርና ውሃ ጥበቃ ከሆነ የተፋሰስ ዘመቻው ሲከፈት፣ ጥር ላይ ድረሺ። በገመድና በውሃ ልክ የእርከን መስመር መቀየስ፣ ጎርፍ በሸረሸረው ቦረቦር ውስጥ ውሃውን የሚያግድ ክትር መሥራት የሚለመደው ያን ጊዜ ከገበሬው ጋር ቆሞ ነው። ለዓሣ ከሆነ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይሻላል፤ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን አብዛኛው ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች የሚወጣው በዚያ ወቅት ነው። በዓለም ላይ ከጣና በቀር የማይገኙ ዝርያዎች አሉበት፤ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋባቸው ማየት ያንገበግባል። የዩኒቨርሲቲሽን የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ ቢያንስ ከወር በፊት በአካል ሂጂ።

ጥያቄ፦ ክፍያ አለው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። የትራንስፖርቱንና የጀልባ ነዳጁን ማን እንደሚችል ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ለቤት ኪራይ ተበድሮ ልምምድ የወጣ ተማሪ አጋጥሞኛል። የተማሪ ጉልበት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ቢያንስ ምሳውን ሊችል ይገባል፤ ይህን ለባልደረቦቼም ሳልታክት እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ በእንቦጭ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ወር ሙሉ ብንነቅል ለውጥ ይመጣል?

መልስ፦ በመንቀል ብቻ አይመጣም። እንቦጭ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው፣ አገሩም ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከግንዱ ጎን እያቆጠቆጠ ይባዛል፣ በዘሩም ይራባል፤ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነሐሴ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ክምር ነቅለን ውሃው ዳር ትተነው ሄድን። ዝናብ ስለነበር አልደረቀም። ሐይቁ የሚሞላው ክረምቱ ሲያልቅ ነውና በመስከረም ውሃው መጥቶ ክምሩን መልሶ ወሰደው። ያን ሁሉ ጉልበት ያፈሰሱት ገበሬዎች ፊት ዛሬም አይረሳኝም። ስለዚህ የምትነቅሉ ከሆነ መጀመሪያ የሚከመርበትን ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ፈልጉ።

ከአንተ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። አንድ ዳርቻ ምረጥ፤ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ ቆመህ ፎቶግራፍ አንሣ፣ የአረሙን ጠርዝ በጂፒኤስ መዝግብ፣ የውሃውን ጥልቀት ለካ። ሐይቁን ይበልጥ የወረረው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው፤ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ደለላቸውን የሚያራግፉት እዚያው ነው። እንቦጩ ከማሳ ታጥቦ በሚመጣ አፈርና ማዳበሪያ ይወፍራል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሣሉና ጉና ላይ የሚሠራ እርከንም የእንቦጭ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ለልምምድ ወደ ፎገራ ልትወጣ ነው። እናት ነኝና ሰግቻለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የመንገዱን ሁኔታ በምትሄድበት ዕለት ወደ ቀበሌው ደውላ ታረጋግጥ፤ ደህና አይደለም ከተባለ ትቅር፣ ሥራው ይደርሳል። አጎበር አይለያት፣ ወባ አለ። በባዶ እግሯ ውሃ ውስጥ እንዳትገባ አደራ ይበሏት፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፣ ቦቲ ጫማ ይግዙላት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ማለዳና ምሽት ደንገሉ (ታንኳ የሚሠራበት የውሃ ዳር ተክል) ውስጥ አትግባ፤ ጉማሬ አለ።

ጥያቄ፦ አባቴ ባሕር ሸሽ፣ ማለትም የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ የሚገለጥ መሬት ያርሳል። ጂፒኤስ የያዘ ተማሪ ባየ ቁጥር «መሬታችን ሊሄድ ነው» ይላል። ተሳስቷል?

መልስ፦ አባትህ መስጋታቸው አይፈረድባቸውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የጣና ዙሪያም በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ በጥብቅ የሚጠበቅ ቀጠና፣ መከለያ ቀጠናና ሰው እያለማ የሚኖርበት ቀጠና አለው። ካርታው ላይ መስመሩ ቀጭን ነው። ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ ለሚዘራ ሰው ግን ያ መስመር የልጆቹ እራት ላይ ያልፋል። የወል የሆነ ሁሉ ባለቤት የለውም ብሎ የሚመጣ ተማሪ እኔ ዘንድ ብዙ አይቆይም።

ለሚመጡት የምነግራቸው ይህን ነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት መሣሪያው ከቦርሳ አይውጣ። ሰላምታ ስጡ፣ ቡና ጠጡ፣ ውሃው ድሮ እስከየት ይደርስ እንደነበር ሽማግሌዎችን ጠይቁ። አንድ ታንኳ ሠሪ አባት ደንገሉ የነበረበትን ሁሉ በእግራቸው እየረገጡ አሳይተውኛል፤ ዛሬ ግማሹ ማሳ ነው። ደንገል ደለል ያጣራል፣ የዓሣ ጫጩት ይሸሽጋል፤ ሲቃጠል የመጀመሪያው ተጎጂ ታንኳ ሠሪውና ዓሣ አስጋሪው ነው። ይህን እሳቸው ሲናገሩት ሰው ይሰማል፣ እኔ ስናገረው ያንቀላፋል። በሐይቁ ዳር ያለውን የዘጌን ልሳነ ምድር ተመልከቱ፤ በገዳማቱ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ስለነበር ደኑ ከነቡናው ቆሞ ቆየ። ጠባቂው የአገሬው ሰው ነው። የምትለኩትንም ለምን እንደምትለኩ ንገሯቸው፤ እናንተም የማታውቁት ከሆነ ሳትወጡ አለቃችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ። ቦታ አለኝ?

መልስ፦ አለህ፣ በጣም። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት የሒሳብ መዝገብ የሚያስተካክልላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ነገውኑ ና።

ጥያቄ፦ ሪፖርቴ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ እንዳይቀር ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለመምህርሽ ከምታስረክቢው ሌላ ለልማት ጣቢያው ሁለት ገጽ ጻፊ፤ በቀበሌው ስብሰባም አንብቢላቸው። ቀኑ፣ ቦታው፣ ልኬቱና የመለኪያ ችካሉ የተተከለበት ቦታ ይግባበት። አምና የመጣች ተማሪ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከከብት ንክኪ ነፃ በተደረገ ቦረቦር አፍ ላይ የተተከለ ችካል ከቀድሞው ተማሪ ሪፖርት አንብባ ፈልጋ አገኘችው። ሣሩ ከጉልበቷ በላይ ነበር፣ ቦረቦሩም አልሰፋም። የዘንድሮው ተማሪ ከዚያው ችካል ይጀምራል።